ባክቴሪያ በል፦ የፌሊክስ ዴሬል ሕይወትና ያወጣው ስም

በወላይታ ሶዶ፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ክረምት ገብቶ ጎርፉ ከየዳገቱ ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ በሚወርድበት ወራት፣ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ለላቦራቶሪ ባለሙያ እንግዳ ነገር አይደለም። ከበሽተኛው ናሙና ተለይቶ የወጣው ባክቴሪያ የትኛው መድኃኒት እንደሚገታው ለማወቅ በአጋር ሳህን ላይ እንደ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ሳህኑም ሙቀቱ በተመጠነ ሣጥን ውስጥ ያድራል። በማግሥቱ ሲወጣ ባክቴሪያው እንደ ስስ ጉም ሳህኑን ሸፍኖ ይገኛል። አንዳንድ ጊዜ ግን ምንም መድኃኒት ባልተቀመጠበት ቦታ፣ ጉሙ ክብ ክብ በሆኑና ጥርት ባሉ ትናንሽ ቀዳዳዎች ተበሳስቶ ይታያል። ሥራ የበዛበት ባለሙያ ሳህኑ ተበላሽቷል ብሎ ቢጥለው የሚወቅሰው የለም።

ዛሬ በሙያው ዘንድ ባክቴሪዮፋጅ በሚል ስም የሚታወቀው ረቂቅ ነገር ስሙን ያገኘው፣ እንዲህ ያለውን የተበላሸ የሚመስል ሳህን አልጥልም ካለ ሰው ነው። ሰውየው ፌሊክስ ዴሬል ይባላል። ሥራውን ያከናወነው ከወላይታ እጅግ በራቁ አገሮች ቢሆንም፣ የተጋፈጣቸው ጠላቶች፣ ማለትም የደም ተቅማጥ፣ ኮሌራ፣ የአንበጣ መንጋና የከብት በሽታ፣ ለኢትዮጵያ ሐኪምና ገበሬ የቅርብ ጎረቤቶች ናቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የዴሬል ሕይወት ለሙያው ሰው የሚያስተምረው አንድ ቁም ነገር አለ። ይኸውም ዓይን ላላየው ነገር ስም ያወጣ ሰው፣ ስሙ እውነት መሆኑን የማስረዳት ዕዳ እንደሚሸከም ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዲፕሎማ የሌለው ተመራማሪ

ፌሊክስ ዴሬል በኤፕሪል 25 ቀን 1873 በፓሪስ ከተማ ተወለደ። እርሱ ግን የተወለደው በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ እንደሆነ በሕይወቱ ሳለ ይናገር ስለነበር፣ ከሞተም በኋላ ለረጅም ዘመን መጻሕፍት ሁሉ ይህንኑ ሲደግሙ ኖረዋል። የልደቱ መዝገብ ሲመረመር ሥፍራው ፓሪስ፣ የቤተሰቡም ስም ሄረንስ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ይህ ሰው ለባክቴሪያ ጠላት ስም ከማውጣቱ በፊት ለራሱም ስምና አገር ያወጣ ሰው ነበር።

ዴሬል በሕክምናም ሆነ በሥነ ፍጥረት ትምህርት ከዩኒቨርሲቲ የተቀበለው መደበኛ ዲግሪ አልነበረውም። በወጣትነቱ ከባለቤቱ ከማሪና ከልጁ ጋር ወደ ካናዳ ተሻግሮ፣ በቤቱ ውስጥ አነስተኛ ላቦራቶሪ አቋቁሞ፣ ስለ ጥቃቅን ነፍሳት የሚናገሩትን መጻሕፍት እያነበበ ራሱን በራሱ አስተማረ። ከመጀመሪያ ሥራዎቹም አንዱ ከሜፕል ዛፍ የሚገኘውን ጣፋጭ ፈሳሽ አብላልቶ መጠጥ ለማውጣት ያደረገው ሙከራ ነው። በካናዳ በቸኮላት ፋብሪካ ላይ ያዋለው ገንዘብ ከከሰረበት በኋላ፣ በሃያኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ወደ ጓቴማላ ሄዶ በዋናው ከተማ ሆስፒታል የባክቴሪያ ምርመራ ኃላፊ ሆነ። በ1907 ደግሞ ወደ ሜክሲኮ አልፎ፣ ለገመድ መሥሪያ ከሚውለው የሲሳል ተክል ተረፈ ምርት አልኮል የማውጣትን ዘዴ አጠና።

ይህ ሁሉ መንከራተት ለከንቱ አልነበረም። መፍላት፣ መብላላትና መበስበስ ሁሉ የረቂቅ ነፍሳት ሥራ መሆናቸውን ዴሬል የተማረው ከመምህር አንደበት ሳይሆን ከጋኑና ከጠርሙሱ ነበር። ይሁን እንጂ ዲግሪ አለመኖሩ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ የተከተለው ጥላ ሆነ። በ1911 ወደ ፓሪስ ተመልሶ ወደ ታዋቂው የፓስተር ኢንስቲትዩት በገባ ጊዜ እንኳ የተሰጠው ቦታ ያለ ደመወዝ የሚያገለግል ረዳትነት ነበር።

የአንበጣው በሽታና ባዶዎቹ ነጥቦች

የኢትዮጵያ ገበሬ የአንበጣ መንጋ ምን እንደሚያደርስ ከማንም በተሻለ ያውቀዋል፤ በ2019ና በ2020 በአገሪቱ ላይ የወረደው መንጋም ገና ከትዝታ አልጠፋም። ዴሬል በ1910 በሜክሲኮ በዩካታን ክፍለ አገር ሳለ የገጠመው ይኸው መቅሠፍት ነበር። ከመንጋው መካከል ብዙዎቹ አንበጣዎች ተቅማጥ ይዟቸው እየሞቱ መውደቃቸውን ተመለከተ። ሌላ ሰው በሬሳው ብዛት ተደስቶ ያልፍ ነበር። ዴሬል ግን የአንበጣውን የሆድ ዕቃ መርምሮ ለበሽታው ምክንያት ነው ያለውን ባክቴሪያ ለየና፣ ይህንኑ አባዝቶ በመንጋው ላይ በመርጨት በሽታውን ማሠራጨት ይቻላል ብሎ አሰበ።

በዚህ አሳቡ የተነሣ አርጀንቲና፣ አልጄሪያና ቱኒዚያ በየተራ ጋበዙት። ሌሎች ተመራማሪዎች ሙከራውን ሲደግሙት የሚያገኙት ውጤት በየስፍራው አንድ ዓይነት ባለመሆኑ፣ የአንበጣው ዘዴ በጊዜ ብዛት ተተወ። ከሥራው የቀረው ትልቁ ፍሬ ግን ዴሬል ሲፈልገው ያልነበረው ነገር ነው። የአንበጣውን ባክቴሪያ በአጋር ላይ ሲያሳድግ፣ አልፎ አልፎ በምንጣፉ መካከል ክብ የሆኑና ምንም ያልበቀለባቸው ንጹሕ ነጥቦች ይታዩት ጀመር። ከነጥቡ ላይ ጭሮ በማይክሮስኮፕ ሲያይ የሚታይ ነገር አጣ። ምክንያቱን ባያውቅም፣ ነጥቦቹን እንደ ስህተት ሳይቆጥር በልቡናው አኖራቸው።

የሜዞን ላፊት ወታደሮች

አንደኛው የዓለም ጦርነት በተፋፋመበት በ1915 ክረምት አጋማሽ፣ ከፓሪስ አቅራቢያ በምትገኘው በሜዞን ላፊት በሰፈሩ ፈረሰኛ ወታደሮች መካከል ብርቱ የደም ተቅማጥ ገባ። ምርመራውም ለዴሬል ተሰጠ። ዴሬል በአንበጣው ላይ ያየውን በማስታወስ የበሽተኞቹን ዓይነ ምድር በሾርባ በጥብጦ፣ ባክቴሪያ በማያሳልፈው የሸክላ ማጣሪያ አሳለፈው። ከማጣሪያው የወረደውን ጥሩ ፈሳሽ ከሺጌላ ባክቴሪያ ጋር ቀላቅሎ ከፊሉን በቱቦ፣ ከፊሉን በአጋር ላይ አሳደረ።

ከዚያም በፓስተር ኢንስቲትዩት ሆስፒታል የተኛን አንድ በሽተኛ መርጦ ከገባበት ቀን ጀምሮ በየዕለቱ ናሙናውን ይወስድ ጀመር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከበሽተኛው የተጣራው ፈሳሽ በባክቴሪያው ላይ ያደረሰው ነገር አልነበረም፤ ቱቦው እንደ ወትሮው ደፍርሶ ያድር ነበር። ከቀናት በኋላ ግን አንድ ማለዳ ሣጥኑን ቢከፍት፣ ማታ በባክቴሪያ ደፍርሶ የነበረው ቱቦ እንደ ምንጭ ውኃ ጠርቶ አገኘው። ባክቴሪያዎቹ ስኳር በውኃ ውስጥ እንደሚሟሟ ሟሙተው ጠፍተዋል። በአጋሩም ላይ ያኔ በአንበጣው ባክቴሪያ ያያቸው ክብ ነጥቦች ተበትነዋል። ዴሬል በኋላ ዘመን እንደተረከው፣ በቱቦው ውስጥ የሆነው ነገር በበሽተኛው አንጀት ውስጥም ሆኖ ይሆናል ብሎ በመገመት ወደ ሆስፒታሉ ገሠገሠ፤ በሽተኛውም በዚያው ሌሊት ተሽሎት አገኘው።

ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር የተመራማሪነቱን ጥራት ያሳያል። ከጠራው ቱቦ ጥቂት ጠብታ ወስዶ በአዲስ የባክቴሪያ ቱቦ ላይ ጨመረ፤ እርሱም ጠራ። ከዚያኛው ወደ ሌላ፣ ከሌላውም ወደ ሌላ እያሸጋገረ ደጋገመው፤ ኃይሉ ግን አልደከመም። መርዝ ወይም ኬሚካል ቢሆን ኖሮ በየማሸጋገሩ እየቀጠነ ኃይሉ በጠፋ ነበር። እንግዲህ ነገሩ በባክቴሪያው ላይ እየተራባ የሚሄድ መሆን አለበት። ደግሞም ፈሳሹን በሚታወቅ መጠን እያቀጠነ በሳህን ላይ ቢያፈስስ፣ የነጥቦቹ ቁጥር በዚያው ልክ የሚቀንስ ሆነ። ከዚህም እያንዳንዱ ነጥብ የአንዲት ቅንጣት ዘር መሆኑን ተረዳ። ዓይን የማያየውን ነገር በነጥብ ቆጠረው፤ ይህም የቆጠራ ዘዴ እስከ ዛሬ በየላቦራቶሪው ያገለግላል። ግኝቱ በሴፕቴምበር 10 ቀን 1917 በኤሚል ሩ አማካይነት ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ቀረበ።

ስሙ እንዴት ወጣ

በአገራችን ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ዴሬል እንደተረከው ከሆነ ይህ ስም የወጣው በመኖሪያ ቤት፣ በባልና በሚስት ጭውውት ነው። ዕለቱ ኦክቶበር 18 ቀን 1916፣ የታናሽ ልጃቸው የልደት ዋዜማ ነበር። ዴሬልና ባለቤቱ ማሪ ለዚህ ለማይታይ ነገር ምን ስም ይሰጠው እያሉ ብዙ ቃላት ሲያወጡና ሲያወርዱ ቆይተው፣ ባክቴሪዮፋጅ በሚለው ተስማሙ።

ቃሉ ከግሪክ ቋንቋ የተወሰዱ ሁለት ቃላት ጥምር ነው። ባክቴሪዮን ትንሽ በትር ማለት ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ተመራማሪዎች በማይክሮስኮፕ ያዩት ረቂቅ ፍጡር የበትር ቅርጽ ስላለው የተሰጠ ስም ነው። ፋጌን ደግሞ መብላት ማለት ነው። ስለዚህ ሥጋ በል፣ ሣር በል እንደምንል ሁሉ ቃሉ በቀጥታ ሲፈታ ባክቴሪያ በል ይሆናል።

ዴሬል ራሱ ግን መብላት የሚለው ቃል አኝኮ መዋጥ ማለት እንዳይመስል ይጠነቀቅ ነበር። እርሱ ያሰበው በሌላው ኪሣራ ማደግን ነው። በዚህ ረገድ የአማርኛው መብላት ከብዙ ቋንቋዎች ይልቅ ለአሳቡ ይስማማል። እሳት ቤት በላ፣ ዝገት ብረት በላ፣ ዕዳ ሀብት በላ ሲባል የሚያኝክ አፍ የለም፤ አንዱ በሌላው መጥፋት መበርታቱን ብቻ ያመለክታል። ከዴሬል በኋላ የተደረገው ምርምር የሚያሳየውም ይህንኑ ነው። ባክቴሪዮፋጅ ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። ብዙዎቹ በጭራቸው በባክቴሪያው ግድግዳ ላይ ተጣብቀው የዘር ቁሳቸውን ወደ ውስጥ ያስገባሉ፤ ባክቴሪያውም የራሱን ሥራ ትቶ የወራሪውን ልጆች ይሠራል። ከዚያም ግድግዳው ፈርሶ በአሥሮች ወይም በመቶዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ ቅንጣቶች ይወጣሉ። ባክቴሪያው የሚጠፋው እንደ ምግብ ተበልቶ ሳይሆን እንደ ቤት ተወርሶ ነው።

የስሙ ሙግት

ስሙ አንድ ትልቅ የይገባኛል አነጋገር በውስጡ ይዞ ነበር። በል ለመባል ሕያው መሆን ያስፈልጋል። ዴሬል ባክቴሪዮፋጅ በሕይወት ያለ፣ የሚራባ፣ ከባክቴሪያው የተለየ ጥገኛ ነው ሲል፣ በዘመኑ ከፍተኛ ክብር የነበረው የቤልጂጉ ሊቅ ዡል ቦርዴ ተቃወመው። ቦርዴ የ1919ን የኖቤል ሽልማት የተቀበለ ሰው ነው። እርሱና ባልደረቦቹ ባክቴሪያው የሚሟሟው ራሱ በሚያመነጨው ኤንዛይም ነው፤ ከውጭ የመጣ ፍጡር የለም አሉ።

በዚህም ላይ የቀዳሚነት ጥያቄ ተነሣ። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ትዎርት ከዴሬል ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ በ1915 በታተመ ጽሑፍ፣ በባክቴሪያ ላይ የሚታይ እንደ መስተዋት የመጥራት ሁኔታ ገልጾ ነበር። ትዎርት ምክንያቱ ምናልባት ረቂቅ ቫይረስ፣ ምናልባትም ኤንዛይም ሊሆን እንደሚችል አመልክቶ፣ በአንዱ ሳይወስንና ስም ሳይሰጠው ተወው። ገንዘብ አጥሮት፣ ጦርነቱም መጥቶበት ምርምሩን አልገፋበትም። የቦርዴ ወገኖች ይህን ጽሑፍ ከመደርደሪያ አውጥተው ለዓለም አሳወቁ። ዴሬል ትዎርት ያየው ሌላ ነገር ነው እያለ ለዓመታት ተከራከረ። በመጨረሻ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሁለቱ ወገኖች በተስማሙባቸው ዳኞች ሙከራው ሲመረመር፣ ሁለቱ ክስተቶች አንድ መሆናቸው ተረጋገጠ። ስለዚህ ዛሬ ግኝቱ በሁለቱም ስም ይጠራል፤ የስሙ አባት ግን ዴሬል ብቻ ነው።

ከዚህ ሙግት ውስጥ ፍጹም ትክክል ሆኖ የወጣ ወገን የለም። የባክቴሪዮፋጅ ማንነት በዓይን የታየው በ1940 በጀርመን አገር በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነበር። ራስና ጭራ ያለው ቅንጣት ሆኖ በመገኘቱ የዴሬል ነገር ጸና። ይሁን እንጂ ዴሬል ባክቴሪዮፋጅ አንድ ዝርያ ብቻ ነው፤ እንደ ሁኔታው ይለማመዳል ብሎ ያስተማረው ስህተት ነበር፤ ዓይነቶቹ እጅግ ብዙ ናቸው፤ አብዛኛዎቹም የሚያጠቁት የተወሰነ ባክቴሪያን ብቻ ነው። ቦርዴም ጤነኛ የሚመስል ባክቴሪያ የመሟሟትን ኃይል በውስጡ ተሸክሞ ለልጅ ልጅ እንደሚያወርስ ያስተዋለው እውነት ነበር። አንዳንድ ባክቴሪዮፋጆች ባክቴሪያውን ሳይገድሉ ዘራቸውን በዘሩ ውስጥ ደብቀው እንደሚኖሩ አንድሬ ልዎፍ ከ1950 ጀምሮ ሲያስረዳ ነገሩ ተፈታ። ሁለት ብርቱ ሊቃውንት አንዱ የሌላውን እውነት ለማየት እምቢ በማለታቸው ሠላሳ ዓመት ያህል ባከነ።

ከቱቦ ወደ በሽተኛ

ዴሬል ግኝቱን በወረቀት ላይ ለማቆየት የሚታገሥ ሰው አልነበረም። በ1919 በፈረንሳይ ገጠር ዶሮዎችን ይፈጅ በነበረ ወረርሽኝ ላይ ሞከረው፤ የመንጋው ሞትም ረገበ። በዚያው ዓመት በፓሪስ የሕፃናት ሆስፒታል በፕሮፌሰር ኡቲኔል ክፍል አንድ የ12 ዓመት ልጅ በብርቱ የደም ተቅማጥ ተይዞ ተኝቶ ነበር። መድኃኒቱን ለልጁ ከመስጠታቸው በፊት በነበረው ቀን ዴሬል፣ ኡቲኔልና ረዳት ሐኪሞቹ ከዚያው ጠርሙስ ጠጡ። አንዳቸውም ጉዳት ባለማየታቸው በማግሥቱ ለልጁ ተሰጠውና በጥቂት ቀናት ውስጥ ዳነ።

ወደ ኢንዶቺን ተጉዞ የጎሽ በሽታን አጠና። ሲመለስ ከኢንስቲትዩቱ አለቆች ጋር በመጋጨቱ የሥራ ጠረጴዛውን አጣ። በ1921 ስለ ባክቴሪዮፋጅ የጻፈው የመጀመሪያ መጽሐፉ ግን ስሙን በዓለም ዙሪያ አደረሰው። የሆላንዱ ላይደን ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክተርነት ሰጠው፤ በ1925 ደግሞ ቀደም ሲል ለፓስተር ተሰጥቶ የነበረው የሌቨንሁክ ሜዳሊያ ተሸለመ። ለኖቤል ሽልማትም ደጋግሞ ቢታጭ አላገኘውም።

በግብፅ በእስክንድርያ የመርከብ ተጓዦችን ጤና በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ጽሕፈት ቤት በሠራበት ጊዜ፣ በቸነፈር የተያዙ አራት ሰዎችን ባክቴሪዮፋጁን በንፍፊታቸው ውስጥ በመርፌ በመስጠት አከመ፤ አራቱም ዳኑ። በ1927 ወደ ሕንድ ሄዶ በፑንጃብ መንደሮች በኮሌራ ላይ ሞከረው። መድኃኒቱን ካልተቀበሉት በሽተኞች ከመቶ ከስድሳ በላይ ሲሞቱ፣ ከተቀበሉት ዘንድ ሟቾቹ ከመቶ አሥር አልሞሉም። ጥርጣሬ ቢቀርብበትም፣ በዚህ ሙከራ ያልታከመ ወገን ለማነጻጸሪያ መያዙ ከብዙዎቹ የዘመኑ ሥራዎች ብልጫ ይሰጠዋል። በእስክንድርያው ሥራ ግን ማነጻጸሪያ አልነበረም፤ አራት ሰዎች ዳኑ ማለት አራት ሰዎች ዳኑ ማለት ብቻ ነው። የዴሬል ጥንካሬና ድክመት በእነዚህ ሁለት ሥራዎች ጎን ለጎን ይታያል።

የትብሊሲ ኢንስቲትዩትና የስሙ መውደቅ

ከ1928 እስከ 1933 ዴሬል በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኖ ሠራ። በዚህ ጊዜ ባክቴሪዮፋጅ የንግድ ዕቃ ሆኖ ነበር። ዴሬል ራሱ በፓሪስ መድኃኒቱን የሚያዘጋጅ ላቦራቶሪ ነበረው፤ በአውሮፓና በአሜሪካም ብዙ ፋብሪካዎች ጠርሙስ ላይ ስሙን ለጥፈው ይሸጡ ጀመር። ከሚሸጡት መካከል ለማቆያ በተጨመረባቸው ኬሚካል የተነሣ ቅንጣቱ የሞተባቸው፣ ከበሽተኛው ባክቴሪያ ጋር መስማማታቸው ሳይመረመር ለየበሽታው ሁሉ የሚታዘዙ ነበሩ። በ1934 የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ያስጠናው ሰፊ ግምገማ በወጣ ጊዜ፣ ከጥቂት የበሽታ ዓይነቶች በቀር ማስረጃው እርስ በርሱ የሚጋጭና የማያስተማምን ነው ሲል ደመደመ። ይኸው ግምገማ ባክቴሪዮፋጅን ሕይወት የሌለው ኤንዛይም ነው ማለቱ ስህተት ነበር፤ የሕክምናው ማስረጃ ደካማ ነው ማለቱ ግን በአብዛኛው እውነት ነበር። ወዲያውም የሰልፋ መድኃኒቶች፣ ቀጥሎም ፔኒሲሊን መጡና የምዕራቡ ዓለም ፊቱን አዞረ።

ዴሬል ግን ሌላ አገር አገኘ። በፓሪስ አብሮት ሠርቶ የነበረው ጆርጂያዊው ጊዮርጊ ኤሊያቫ በትብሊሲ ከተማ ከ1923 ጀምሮ የባክቴሪያ ምርምር ኢንስቲትዩት አቋቁሞ ነበር። ዴሬል በ1933ና በ1935 መካከል ወደዚያ ተመላልሶ ሠራ፤ በትብሊሲ ተቀምጦ የጻፈውን መጽሐፍም ለስታሊን መታሰቢያ አደረገ። ይህ ተስፋ በደም ተቋጨ። በ1937 ኤሊያቫ ተይዞ የሕዝብ ጠላት ተብሎ ተረሸነ፤ ባለቤቱም ተገደለች። ዴሬል ዳግመኛ ወደ ትብሊሲ አልተመለሰም። ኢንስቲትዩቱ ግን ሥራውን ሳያቋርጥ ቆይቶ ዛሬ በኤሊያቫ ስም ይጠራል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ የካናዳ ተወላጅ ነኝ ይል የነበረው ዴሬል በፈረንሳይ በቪሺ ከተማ በቁም እስር ተቀመጠ። ያንን ጊዜ የሕይወቱን ታሪክ በመጻፍ አሳለፈው። በፌብሩዋሪ 22 ቀን 1949 በፓሪስ በቆሽት ካንሰር ሞተና ሳን ማር ኦን ኦት በምትባል የገጠር መንደር ተቀበረ። ሲሞት ሕክምናው በአብዛኛው ዓለም ተረስቶ ነበር። ስሙን ያወጣለት ቅንጣት ግን ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1952፣ በኸርሺና በቼስ እጅ የውርስ ቁስ ዲ ኤን ኤ መሆኑን ለማስረዳት የምርምር መሣሪያ ሆነ።

ለሶዶ ላቦራቶሪ የቀረ ነገር

ለመድኃኒት አልበገር ያለ ባክቴሪያ በየሆስፒታሉ በመብዛቱ የዴሬል አሳብ እንደገና ተነሥቷል። በ2016 በካሊፎርኒያ ማንኛውም መድኃኒት ያልበገረው ባክቴሪያ ይዞት ሊሞት የተቃረበ ሰው ለባክቴሪያው በተመረጠ ባክቴሪዮፋጅ ዳነ። በአንጻሩ በፈረንሳይ፣ በቤልጂግና በስዊዘርላንድ በእሳት ቁስል ላይ የተደረገው የተመዘነ ሙከራ ከተለመደው ቅባት ያነሰ ውጤት አሳየ፤ ሲመረመርም መድኃኒቱ በማቆያ ሳለ ብዙው ቅንጣት ሞቶ፣ በሽተኞቹ ያገኙት ከታሰበው እጅግ ያነሰ መጠን ሆኖ ተገኘ። የ1930ዎቹ ስህተት በ2010ዎቹም ሊደገም እንደሚችል ይህ ያሳያል።

ወላይታ ይህን ጉዳይ በሁለት በኩል ታውቀዋለች። አንደኛው በክሊኒኩ በኩል ያለው ተቅማጥ ነው። ሁለተኛው በጓሮው ያለው የእንሰት አጠውልግ በሽታ ነው። የዚህ በሽታ መንሥኤ ዛንቶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑን ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 አሳውቀዋል። በሽታው በተበከለ ቢላዋና መቁረጫ ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ይሻገራል፤ የሚያድን ኬሚካል ስለሌለው ገበሬው መሣሪያውን በእሳት ከማንጻትና የታመመውን ነቅሎ ከመጣል በቀር ምርጫ የለውም። ቆጮው ከጠፋ ቤተሰቡ የክፉ ቀን ስንቁን አጣ ማለት ነው። ለቲማቲምና ለቃሪያ ተክል ግን የዚያው የዛንቶሞናስ ወገን የሆነውን ባክቴሪያ የሚያጠቃ የባክቴሪዮፋጅ ዝግጅት በአሜሪካ በ2005 ተፈቅዷል። ይህ ለእንሰት መድኃኒት ተገኘ ማለት አይደለም፤ ጥያቄው ግን በሶዶ ሊጠየቅ የሚገባው ነው። በ2007 የተመሠረተው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የጤናና የግብርና ትምህርትን በአንድ ተቋም ሥር መያዙ፣ አንበጣን፣ ዶሮንና ሰውን በአንድ ዓይን ይመለከት ለነበረው ለዴሬል አሠራር የተመቸ ነው።

የሚያስፈልገው የመጀመሪያ ዕቃ ውድ አይደለም። ባክቴሪያ ባለበት ሁሉ ባክቴሪዮፋጅ አለ፤ በፍሳሽ ውኃ፣ በወንዝ፣ በአፈር፣ ከበሽታው በማገገም ላይ ባለ ሰው ዓይነ ምድር ይገኛል። ማጣሪያ፣ ሾርባ፣ አጋርና በሚገባ የተያዘ መዝገብ ካለ ዴሬል በ1915 ያደረገውን ማድረግ ይቻላል። ለበሽተኛ እስከ መስጠት ለመድረስ ግን ረጅም መንገድ አለ። ቅንጣቱ ለዚያ ባክቴሪያ የሚስማማ መሆኑ፣ በሕይወት ያለው መጠን መቆጠሩ፣ በባክቴሪያው ውስጥ የሚደበቅ ዓይነት አለመሆኑ፣ ውጤቱም ካልታከመ ወገን ጋር መነጻጸሩ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት። ዴሬል ከእነዚህ አንዳንዶቹን ለሌሎች አስተማረ፤ አንዳንዶቹን ራሱ ዘነጋ፤ ስሙን የሸጡለት ነጋዴዎች ደግሞ ሁሉንም ዘነጉ።

ስለዚህ በሶዶም ሆነ በሌላ ከተማ ያለ ባለሙያ አንድ ማለዳ ሳህኑ ተበሳስቶ ቢያገኘው፣ ከመጣሉ በፊት ቀኑን፣ የናሙናውን ምንጭና የባክቴሪያውን ዓይነት ይመዝግብ፤ ከነጥቡም ጭሮ በአዲስ ሳህን ላይ ይሞክረው። ነጥቡ ተመልሶ ከመጣና ተሸጋግሮም ከቀጠለ፣ ባክቴሪያ በል ብሎ ሊጠራው ይችላል። ከዚያ በኋላ ስሙን በሥራ ማስመስከር የእርሱ ፈንታ ነው።